የማን ሕዋስ ነው?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደብተሯንና ባለቀለም እርሳሶቿን ይዛ መጣች። የቤት ሥራ አለባት።

"አክስቴ፣ የሰው ሕዋስ ሳሉ ተብለናል። ክብ ላድርገው ወይስ ሞላላ?"

"ክብ" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ የሳልኩት ክቡን ነዋ። ትልቅ ክብ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ፣ እዚህም እዚያም ባቄላ የሚመስሉ ነገሮች፣ ጥግ ላይ ደግሞ እንደተጣጠፈ ጨርቅ ያለ ነገር። መጥበሻ ላይ የተሰበረ እንቁላል በሉት። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም እስለዋለሁ።

ግን አንድ የድሮ ጥያቄ ድንገት ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ጥያቄውን የጠየቁኝ የአናቶሚ መግቢያ ያስተማሩን መምህር ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት አሳደሉንና "እስቲ የምታውቁትን የሰው ሕዋስ ሳሉ" አሉን። ክፍሉ በሙሉ አጎንብሶ ሳለ። መምህሩ በመካከላችን እየተዘዋወሩ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ሥዕሌ ያምር ነበር። ስሙን ሁሉ በቀስት አድርጌ ጽፌበታለሁ። "ጎበዝ" እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ነው።

"ልጄ፣ ይሄ የማን ሕዋስ ነው?"

"የሰው" አልኩ።

"የሰው የቱ? የጉበቱ ነው? የጡንቻው ነው? የዓይኑ?"

ምን ልበል? በጎን ያሉትን ወረቀቶች አየሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። አርባ ሰው አንድ እንቁላል ሰብሮ ተቀምጧል። መምህሩ ምንም ሳይጨምሩ አለፉ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሽምደዳ ላይ የሚያህለኝ የለም ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ያን ቀን የሸመደድኩት ነገር በማንም ሰውነት ውስጥ እንደሌለ ገባኝ።

በማግስቱ ቤተ ሙከራ ገባን። ሥራው ቀላል ነው። የጉንጭን ውስጥ በስቴኪኒ ቀስ አድርጎ መፋቅ፣ መስታወት ላይ መቀባት፣ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ጠብ ማድረግ፣ በስስ መስታወት ሸፍኖ ማይክሮስኮፑ ሥር ማስገባት። ዓይኔን ደቀንኩ። ወዲያው አየሁት! ፍጹም ክብ፣ ዳሩ ደማቅ ጥቁር፣ ውስጡ ጥርት ያለ። በደስታ ሳልኩት። ኒውክለስም፣ ዲኤንኤውን የያዘውን የመሃሉን ትንሽ ክብ፣ ጨመርኩበት። ኒውክለሱ አልታየኝም፤ ግን መኖሩን "አውቃለሁ"።

መምህሩ መጥተው በማይክሮስኮፑ አዩ፣ ሥዕሌን አዩ፣ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

"የሳልሽው የአየር አረፋ ነው።"

ኒውክለስ ያለው የአየር አረፋ። እስካሁን ጓደኞቼ ያነሱብኛል።

እውነተኞቹ ሕዋሶች አረፋው አጠገብ ነበሩ። ገርጣ ያሉ፣ ስስ፣ ጠርዛቸው የተንሻፈፈ፣ አንዳንዶቹም እንደተጨማደደ ወረቀት የታጠፉ። መሃላቸው ላይ ሰማያዊ ነጥብ አለ፤ ኒውክለሱ እሱ ነው። ሌላ ምንም የለም። ባቄላዎቹም የሉም፣ የተጣጠፈው ጨርቅም የለም። 400 ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ይኸው ነው። የአንዱ ስፋት ከ50 እስከ 60 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ 20 የሚጠጉትን ጎን ለጎን ብትደረድሩ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። ላያቸው ላይ የተበተኑት ደቃቅ ነጥቦች ባክቴሪያዎች ናቸው፣ የአፌ ነዋሪዎች።

ለምን እንዲህ ጠፍጣፋ ሆኑ? ጉንጭ ቀኑን ሙሉ ሲታሽና ሲፋተግ ይውላል። ስለዚህ እንደ ጣሪያ ክዳን የተነባበሩ ስስ ሕዋሶች ያስፈልጉታል። የላይኛው ይራገፋል፣ ከሥር ያለው ይተካዋል። በስቴኪኒ የፋቅኩትም ሊራገፍ ተራ የደረሰውን ነው። የመምህሩ ጥያቄ የዚያን ጊዜ መልስ አገኘ። ሕዋሱ የጉንጭ ነው። ቅርጹም የጉንጭን ሥራ የሚሠራ ሕዋስ ቅርጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የሕዋስ ሥዕል ሳይ ቀድሜ የምጠይቀው የማን እንደሆነ ነው። ጥያቄው እንደ ቀልድ ይጀምርና ብዙ ነገር ጎትቶ ያመጣል።

ለምሳሌ ስሙን። እ.ኤ.አ. በ1665 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ቡሽን በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ትናንሽ ባዶ ክፍሎች አየና "ሴል" አላቸው። ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው፤ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። የመነኩሴ በኣትም፣ የእስረኛ ክፍልም በእንግሊዝኛ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ሁክ ያየው ግን የሞተ ነገር ነበር። በቡሹ ውስጥ የቀሩት ግድግዳዎቹ ብቻ ናቸው። ነዋሪው ከሄደ ቆይቷል። ሕይወት ላላቸው ነገሮች ሁሉ መሠረት የሆነው ነገር ስሙን ያገኘው ከባዶ ቤት ነው ማለት ነው።

የኛ ቋንቋ በሌላ መንገድ ሄዷል። ሕዋስ ማለት ስሜት የሚሰማን ነገር ነው። "አምስቱ የስሜት ሕዋሳት" ስንል ዓይንን፣ ጆሮን፣ አፍንጫን፣ ምላስንና ቆዳን ማለታችን ነው። ይህን ቃል ወስዶ ለሴል የሰጠው ሰው እጁ ይባረክ። እንግሊዝኛው ግድግዳ ያሳየኛል። አማርኛው የሚሰማው ነገር ያሳየኛል። የትኛው ወደ እውነቱ እንደሚቀርብ ለማወቅ የሕዋሱን ዳር ማየት ይበቃል።

በእንቁላሉ ሥዕል ላይ ዳሩ አንድ የእርሳስ መስመር ነው። መስመሩን አስምረን ወደ ውስጥ እንሮጣለን፣ "ዋናው ነገር" ውስጥ ነው ብለን። እኔ ዛሬ እንደገና ተማሪ ብሆን ሙሉ ወር የምቆየው መስመሩ ላይ ነው። ሜምብሬን ይሉታል፤ እኔ ሽፋን ልበለው።

ሽፋኑ ውፍረቱ ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር ገደማ ነው። የአንድ ወረቀት ውፍረት ላይ ለመድረስ ከ10 ሺህ በላይ ሽፋኖችን መደራረብ ይጠይቃል። በአመዛኙ የተሠራው ከስብና ከፕሮቲን ነው። የስብ ሞለኪውሎቹ ራስና ጅራት አላቸው። ራሱ ውኃ ይወዳል፣ ጅራቱ ውኃ አይወድም። ውኃ ውስጥ ሲገቡ ማንም ሳያዛቸው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። ጅራቶቹ መሃል ላይ ተደብቀው ይቀራሉ። ራሶቹ አንዱ ረድፍ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ይዞራል።

ሁለት ረድፍ መሆኑ የታወቀበት መንገድ ደስ ይለኛል። በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ከቀይ የደም ሕዋሶች ስቡን አወጡና ውኃ ላይ በአንድ ረድፍ ዘረጉት። ስፋቱን ለኩ። ከሕዋሶቹ የገጽ ስፋት እጥፍ ሆነ። እጥፍ ከሆነ ሁለት ረድፍ ነበር ማለት ነዋ! የሚያስቀው ግን ቆይቶ ሲጣራ ሁለት ስህተት ሠርተዋል። ስቡን አሟጠው አላወጡም፣ የሕዋሱንም ስፋት አሳንሰው ነው ያሰሉት። ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛው መልስ ወጣ። የኔ የፈተና ስህተቶች አንድም ቀን እንዲህ ተባብረው አያውቁም።

በዚህ የስብ ባሕር ላይ ፕሮቲኖች ይንሳፈፋሉ። ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 ያቀረቡት ሥዕል ይህ ነው። ሽፋኑ እንደ ግንብ የረጋ አይደለም፣ ይፈሳል። ከፕሮቲኖቹ አንዳንዶቹ በር ናቸው፣ አንዳንዶቹ ፓምፕ፣ አንዳንዶቹ ጆሮ። ጆሮ ያልኩት እንዲሁ ለማሳመር አይደለም። ኢንሱሊንን ውሰዱ። በደም ተጉዞ ጡንቻ ጋ ሲደርስ ሥራውን ለመሥራት ወደ ሕዋሱ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ሽፋኑ ላይ ካለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፣ በቃ። ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፣ ወሬው በውስጥ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ትንሽ ቆይቶ ስኳር የሚያስገቡ በሮች ከውስጥ ተነሥተው ወደ ሽፋኑ ይመጣሉ። ሕዋሱ ደጅ ላይ የተባለውን ሰምቶ በሩን ከፈተ። ሕዋስ ይሉታል ይሄ ነው።

ፓምፑም አለ። ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። እንደገና ሦስት፣ እንደገና ሁለት። ያገኘው ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ነው፣ በ1957፣ የሸርጣን ነርቭ ሲመረምር። የኖቤል ሽልማቱ የደረሰው በ1997፣ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ዝም ብለን ጋደም ባልንበት ሰዓት እንኳ ከምናጠፋው ኃይል ቀላል የማይባል ድርሻ የሚሄደው ለዚህ ፓምፕ ነው። "ምንም እየሠራሁ አይደለም" የሚል ሰው ስሰማ ፓምፖቹ ትዝ ይሉኛል።

ጎርተርና ግሬንደል ቀይ የደም ሕዋስን የመረጡት በምክንያት ነው። ውስጡ ሌላ ሽፋን የለውም። ከቅልጥም ወጥቶ ደም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ማይቶኮንድሪያውንም፣ በኦክሲጅን ኃይል የሚያመነጩትን ክፍሎች፣ ያስወግዳል። የሚቀረው ኦክሲጅን በሚሸከመው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ የታጨቀ፣ መሃሉ የተሰረጎደ ተጣጣፊ ከረጢት ነው። ወደ 270 ሚሊዮን የሄሞግሎቢን ሞለኪውል ይይዛል። ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው የተሸከመውን ኦክሲጅን መንገድ ላይ አይበላበትም። እንዲህ ያለ ታማኝ ተሸካሚ ከየት ይገኛል? ኒውክለስ ስለሌለው ደግሞ ሲጎዳ ራሱን መጠገን አይችልም። 120 ቀን ያህል ኖሮ በአመዛኙ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ይፈርሳል። ይህን ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ እስክትጨርሱ ቅልጥማችሁ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተተኪዎችን ሠርቷል።

እስቲ አሁን በድምፅ ብልጫ እንሂድ። በ2016 በወጣ ስሌት መሠረት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 30 ትሪሊዮን የሚጠጉ ሕዋሶች አሉት። ከእነዚህ 84 በመቶ ያህሉ ቀይ የደም ሕዋሶች ናቸው። ምርጫ ቢካሄድ "የሰው ሕዋስ ኒውክለስ የለውም" የሚለው በሰፊ ልዩነት ያልፋል። በክብደት ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ይገለበጣል። ከሕዋሶቻችን ክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉን የያዙት የስብና የጡንቻ ሕዋሶች ናቸው፤ በቁጥር ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የእንቁላሉ ሥዕል በየትኛውም ምርጫ አያሸንፍም።

ኒውክለስ ያላቸውም ቢሆኑ አንድ ሕግ አያውቁም። የአጥንት ጡንቻ ሕዋስ እንደ ክር ረጅም ነው፤ አንዱ ብቻውን መቶዎች ኒውክለስ ሊኖሩት ይችላል። ጉበት ውስጥ ሁለት ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሶች ብርቅ አይደሉም። በእያንዳንዱ ኒውክለስ ውስጥ ወደ 2 ሜትር የሚረዝም ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኒውክለሱ ራሱ ስፋቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ነው። የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሳይተበተብ ማውጣት ያልቻለ ሰው ይህን ሲሰማ መቅናቱ አይቀርም።

ስለ ኒውክለስ ከተነሣ የ48ቱን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። የሰው ክሮሞዞም (ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ዘንግ) 46 መሆኑን ዛሬ ሁሉም ተማሪ ይመልሳል። ግን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል መጻሕፍቱ ሲሉ የኖሩት 48 ነው። ቴዮፊለስ ፔይንተር የተባለ አሜሪካዊ በ1923 ቆጥሮ 48 አለ። የሱ ማይክሮስኮፕ ሥር ክሮሞዞሞቹ ተደራርበው ስለነበር ስህተቱ አያስፈርድበትም። ከሱ በኋላ የመጡት ግን ቆጥረው 48 አገኘን አሉ! ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን በ1956 አጥርተው እስኪቆጥሩት ድረስ ነገሩ እንዲሁ ቀጠለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ይህን ባነበብኩ ቀን የአየር አረፋዬን ትንሽ ይቅር አልኩት። ኒውክለስ የጨመርኩበት እኔም መኖሩን ስለተነገረኝ ነው። ዓይኔ የነገረኝ ሌላ ነበር።

ማይቶኮንድሪያ ላይ ደግሞ ቅሬታ አለኝ። "የሕዋስ የኃይል ማመንጫ" ከሚለው ውጭ የሚያስታውስ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ውሸት አይደለም፣ ግን ሐረጉ በሩን ይዘጋዋል። የተማርነው ባቄላ ናቸው ብለን ነው። ሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ ግን ይረዝማሉ፣ ይጣመራሉ፣ ይከፋፈላሉ፣ እንደ መረብ ይያያዛሉ። ብዛታቸውም እንደ ሥራው ነው። ለአፍታ በማያርፈው የልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ከቦታው ሲሶ ያህሉን ይይዛሉ። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ፣ እንዳልነው፣ አንድም የለም። የየራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው፤ ትንሽ፣ ክብ፣ 37 ዘረመል ብቻ የያዘ። የምንወርሰውም ከእናታችን ነው።

የራሳቸው ዲኤንኤ ከየት መጣ? በሩቅ ዘመን ለብቻቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ። ሌላ ሕዋስ ውስጥ ገቡና እዚያው ቀሩ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ሊን ማርጉሊስ ይህን ሐሳብ የሚያራምደውን ጽሑፏን በ1967 ያሳተመችው ብዙ መጽሔቶች ከመለሱባት በኋላ ነው። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። እኔ ሐሳቡን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ "እንግዲያው 'እኔ' ስል ማንን ማለቴ ነው?" የሚል ጥያቄ ነበር። ጥያቄው አሁንም አለ፤ ቢያንስ ግን እንቅልፍ መንሣቱን ትቷል።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። ራይቦዞም ፕሮቲን ይገጣጥማል። ላይሶዞም አሲድ ያለው ሆድ ነው፤ ያረጀውን ይፈጫል። ጎልጂ፣ ያ የተጣጠፈው ጨርቅ፣ ፕሮቲኖችን አስተካክሎ አድራሻ ጽፎ ይልካል። ካሚሎ ጎልጂ በ1898 ሲገልጸው "ቀለሙ የፈጠረው ጉድፍ ነው" ያሉት ብዙ ነበሩ። ጥርጣሬው የጠፋው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ነው። አልዋሽም፣ የሱን ሥራ ፕሮቲንና ስብ ከሚሠራበት ሌላ የሽፋን መረብ፣ ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ሥራ ለመለየት እኔም ዓመት ፈጅቶብኛል። ስሙን ለመጥራት ደግሞ ሌላ ዓመት።

ከሕዋስ ወጥተን ወደ ሰውነቱ ስንመጣ አናቶሚ የሚባለው ክፍል ይጀምራል። ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው ሕዋሶች ተሰባስበው ሕብረ ሕዋስ ይሆናሉ። ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ሸፋኙ፣ አያያዡ፣ ጡንቻውና ነርቩ። ከነሱ ልብ ይሠራል፣ ከነሱ ሳንባ ይሠራል። ይህን የተማርነው በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ቀጥሎ የመጣው ፈተና ላይ እኔ ጉበትን በግራ በኩል አስቀመጥኩ።

ሥዕሉ ላይ በግራ ነበራ! ወረቀቱን ሳየው ጉበቱ በግራ እጄ በኩል ነው። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ "ሰውዬው ወደ አንቺ ዞሮ ነው የቆመው። ግራና ቀኙ የሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም" አሉኝ። የአናቶሚ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ፊቱ ወደ ፊት ነው፣ መዳፎቹም ወደ ፊት ዞረዋል። ቢተኛም፣ ቢገለበጥም፣ አቅጣጫ የሚነገረው እንደቆመ ተቆጥሮ ነው። አሁንም ወረቀቱን ሳየው ትከሻዬ ብቻውን ዞር ይላል።

በዚህም ደረጃ ቢሆን ቅጂ የመቅዳት በሽታ ድሮም ነበር። የጥንቱ ሐኪም ጌለን ዝንጀሮና አሳማ እየከፈተ የጻፈው ከ1300 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የሰው አናቶሚ ተብሎ ተነበበ። አንድሪያስ ቬሳሊየስ በ1543 ትልቁን መጽሐፉን ሲያወጣ የሰውን ሬሳ ራሱ ከፍቶ ያየውን አስቀመጠ። ለምሳሌ የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት ነው አለ። ጌለን ሁለት ነው ብሎ ነበር። ይህን ለማወቅ አንድ የሰው መንጋጋ በእጅ መያዝ በቂ ነበር።

እናንተም የመጽሐፉ ሰው መሆን አለመሆናችሁን አሁኑኑ ማየት ትችላላችሁ። አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣት አገናኙ። ከዚያ የእጅ አንጓችሁን ወደ ራሳችሁ ትንሽ እጠፉ። አንጓው መሃል ላይ ቀጭን ጅማት ብድግ ብሎ ከታየ ፓልማሪስ ሎንገስ የሚባለው ጡንቻ አላችሁ። ብዙ ሰው አለው። አንዳንዱ በአንድ እጁ ብቻ አለው፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም፤ የእጁ ጥንካሬም ይህን ያህል አይጎድልበትም። እኔ በቀኜ አለኝ፣ በግራዬ የለኝም። ክፍል ውስጥ ይህን ባወቅን ቀን ሁላችንም እጃችንን ስንገለባብጥ ዋልን።

ሌላም የምወደው ነገር አለ። "ሰውነታችን በየሰባት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። የአንጀት ሽፋን በጥቂት ቀናት ይለወጣል፣ ቆዳ በሳምንታት። የልብ ጡንቻን ዕድሜ ያወቁበት መንገድ የሚገርም ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ አየር ላይ የተፈተኑት የኑክሌር ቦምቦች በከባቢ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 የሚባል ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት አበዙት። ሙከራው ሲቆም መጠኑ በየዓመቱ እየቀነሰ መጣ። ሕዋስ ሲወለድ ዲኤንኤው ያንን ዓመት ይዞ ይቀራል፣ እንደ ማህተም። ስዊድን ውስጥ የዮናስ ፍሪሴን ቡድን ማህተሙን አነበበ። በ25 ዓመት ወጣት ላይ ከልብ ጡንቻ ሕዋሶች በዓመት የሚተካው 1 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ ዕድሜ ሲገፋም ከዚያ ያነሰ። የአንጎል የላይኛው ሽፋን ነርቮች ደግሞ በአመዛኙ የባለቤታቸው እኩያ ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዓይን ሌንስ ነው። የሌንስ ሕዋሶች ብርሃን እንዲያልፍባቸው ጥርት ማለት አለባቸው። ስለዚህ ሲያድጉ ኒውክለሳቸውን፣ ማይቶኮንድሪያቸውን፣ ሌላውንም ሁሉ ያፈርሳሉ። ጥርት ብለው ይቀራሉ፣ አይተኩምም። በሌንሱ እምብርት ላይ ያሉት ከመወለዳችን በፊት የተሠሩ ናቸው። ያን ቀን በቤተ ሙከራው ዓይኔን ደቅኜ የጉንጬን ሕዋስ ኒውክለስ ስፈልግ፣ የፈለግኩት ኒውክለስ በሌላቸው ሕዋሶች አሻግሬ እያየሁ ነበር። እነሱ እናቴ ሆድ ውስጥ ጀምረው አብረውኝ አሉ። የፋቅኩት ጉንጭ ግን የሳምንታት እንግዳ ነው።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ እርሳሷን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው።

"የማን ሕዋስ ነው የምትስዪው?" አልኳት።

"የሰው።"

"የሰው የቱ?"

ግራ ገባት። "የፈለግኩትን መምረጥ እችላለሁ?"

"የፈለግሽውን።"

ትንሽ አሰበችና የእግሯን አውራ ጣት አነቃነቀች። "ይሄን የሚያንቀሳቅሰውን።"

ጥሩ ምርጫ ነው፤ የነርቭ ሕዋስ ነው። አጭር እንዳይመስላት ብዬ ነገርኳት። የሕዋሱ ራስ ያለው ታች ወገቧ ጋ፣ አከርካሪዋ ውስጥ ነው። ትልቅ ከሚባሉት ነው፤ ቢሆንም ስፋቱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ጅራቱ ግን እስከ እግር ይወርዳል። በትልቅ ሰው 1 ሜትር ይሆናል። አንድ ሕዋስ ነው፣ አልተቀጠለም።

"እሺ" አለችና ራሱን ሳለች። ቅርንጫፎች አወጣችለት፣ ኒውክለሱን ሐምራዊ ቀባችው። በማስመሪያ ለካሁላት፣ 1 ሴንቲሜትር ነው። 100 ጊዜ ጎልቷል ማለት ነው። "እንግዲያው ጅራቱ ስንት ይሁን?" አለችኝ። ራሷ አሰላችው፣ ሁለት ጊዜ። 100 ሜትር።

ተያየን። ከዚያ የተጻፈባቸውን አሮጌ ወረቀቶች ሰበሰብንና በፕላስተር ማያያዝ ጀመርን። ጠረጴዛው አለቀ፣ ወንበሩን ዞርን፣ ወለሉ ላይ ወረድን። ግድግዳው ጋ ስንደርስ 4 ሜትር ሆነ። ፕላስተሩም እዚያው አለቀ። የእህቴ ልጅ ግድግዳው ሥር ተንበርክካ የመስመሩን ጫፍ ትንሽ አየችው። ከዚያ አጠገቡ በትልቁ "ይቀጥላል" ብላ ጻፈች።